መጀመሪያ ማን ይግባ?

ጥቅምት 6፣ ማክሰኞ

ይህን ደብተር ልጄ ገዛችልኝ። "እማዬ፣ ለኔ ከምታወሪው ግማሹን ለዚህ አውሪለት፤ ፈተና ደርሶብኛል" ብላ። ግማሹ ስንት እንደሆነ ብታውቅ ደርዘን ደብተር ትገዛ ነበር።

እሺ እንግዲህ... ከየት ልጀምር? ቀኑ እንደ ሁልጊዜው ነው። ጠዋት የላውንደሪው በር ሲከፈት እንፋሎቱ ፊቴን መታኝ፣ መነጽሬ ደመና ለበሰ፣ በዳበሳ ወደ ማጠፊያ ጠረጴዛዬ ሄድኩ። የሆቴሎቹ አንሶላ ተቆልሎ ይጠብቀኛል። ነጭ በነጭ ላይ። አንዳንዴ በሕልሜም አጥፋለሁ። እጄ ያጥፋል፣ አፌ ይዘረጋል።

ማጠፊያውን የምወደው ለዚሁ ነው። ማሽኖቹ ከወዲያኛው ጥግ ስለሆኑ እዚህ ሰው ይሰማኛል። ከጎኔ ካውያ ላይ የሚሠሩት ሽማግሌ "ራዲዮ" የሚል ስም አወጡልኝ። እኔም "ጋሼ ካውያ" አልኳቸው። ተካካስን።

ዛሬ ባለ ቁልፉ አጠገቤ መጥቶ ቆመ። አለቃችን ነው። ወገቡ ላይ የቁልፍ መዓት አንጠልጥሎ ስለሚዞር ከሱ በፊት ድምፁ ይደርሳል። ሰው ስሜን ነግሮት ኖሯል፤ "ይሄ ራዲዮ ማጥፊያ የለውም?" አለ።

ጋሼ ካውያ ቀና ሳይሉ፣ "ማጥፊያው ከተሰበረ ቆየ፣ ጌታዬ" አሉት።

ሳቅን። እሱ አልሳቀም። የሱ ሳቅ ከየትኛው ቁልፍ ጋር እንደታሰረ እንጃ።

ምሳ ሰዓት ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ ጭምቷ ተከትላኝ ገባች። ከእርጥቡ ማሽን አንሶላ እየጎተተች የምታወጣው ልጅ ናት። ከሰላምታ ሌላ ቃል ከአፏ ሰምቼ አላውቅም። በሩን ዘጋች።

"እትዬ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። ግን ራዲዮ ላይ እንዳይወጣ።"

ሰፊውን ጋውኗን ወደ ኋላ ሰብሰብ አደረገችው። ስድስተኛ ወሯ። እኔ ስንት የወለደ ሰው ያየሁ ሴት፣ እዚሁ አብራኝ ስትሠራ ሳላየው...

ሐኪም ከባድ ነገር እንዳታነሺ ብሏታል። የእሷ ሥራ ደግሞ ከባድ ማንሳት ብቻ ነው። የረጠበ አንሶላ እኮ የደረቀውን አይመስልም፤ እንደ ጭቃ ይከብዳል። ባሏ ሌላ ከተማ መንገድ ሥራ ላይ ነው፣ አልፎ አልፎ ነው የሚመጣው።

"ታዲያ ለምን አትተይውም?" አልኳት።

"ሥራውን ከተውኩ የመኖሪያ ፈቃዴም አብሮ ይሄዳል። የት ሄጄ ልውለድ?"

ምን ልበላት? እኔ፣ ቃል አጣሁ። ይህን ልጄ ብትሰማ አታምንም።


ጥቅምት 8፣ ሐሙስ

ምስጢር ይዞ መዋል እንዴት ያለ ሥራ ነው። ጭምቷ ልጅ አርግዛ፣ እኔ ምስጢር አርግዤ... ማናችን ቀድመን እንደምንወልድ እንጃ።

በመጨረሻ "ለጋሼ ልንገራቸው?" አልኳት። "ለጋሼ ብቻ" አለች። ነገርኳቸው። ካውያቸውን አንስተው ቆሙ፤ አንሶላው ከመቃጠል ለጥቂት ተረፈ።

እህትዓለም ግን ቀድማ ታውቅ ኖሯል። ከጭምቷ ጋር እርጥቡ ማሽን ላይ የምትሠራው ሴት ናት። የሌላ ሀገር ሰው ናት፤ እንደኛው ሥራ ፍለጋ የመጣች፣ የዚህን ሀገር ቋንቋ እንደኛው እየሰባበረች የምትናገር። ከኛ አፍ መጀመሪያ የለቀመችው ቃል "እህትዓለም" ስለሆነ ሰውን ሁሉ እህትዓለም ትላለች። ጋሼንም። ስሙም ለራሷ ሆኖ ቀረ። ለካ ሰሞኑን ከባድ ከባዱን ጫፍ እሷ ስትይዝ የከረመችው አውቃ ነው። ምንም ሳትል። እኔ እዚህ ስለፍጥረት ሁሉ ሳወራ...

ጋሼ፣ "ከሳይክል ጠጋኙ በላይ ያለው ማኅበር አለ አይደል" አሉ። "የስደተኛ ሠራተኞች። እሑድ እሑድ ክፍት ነው።"

"ሄደው ያውቃሉ?"

"ደረጃው ድረስ ሄጃለሁ።"

"ከዚያስ?"

"ብዙ ሰው ነበረ። ማን ግባ ብሎኝ ልግባ?"


ጥቅምት 11፣ እሑድ

ሄድን። እኔ፣ ጭምቷ፣ እህትዓለም፣ ጋሼ ካውያ በባርኔጣና በከረቫት።

ደረጃው ጠባብ ነው፣ ጎማና ዘይት ይሸታል። ደግነቱ ከላይ አንዲት ልጅ በር ላይ ቆማ የመጣውን ሰው ክንዱን ይዛ ወደ ውስጥ ትጎትታለች። አስተባባሪዋ ናት። ዕድሜዋ ከልጄ ብዙ አይርቅም። ሆቴል ዕቃ አጣቢ ነበረች፤ እጇን ስጨብጠው አወቅኩት፣ የሳሙና እጅ አይደበቅም።

ክፍሉ ደስ ይላል። አንዱ ወንበር ከሌላው አይዛመድም። የቢሮ አለ፣ የትምህርት ቤት አለ፣ የፀጉር ቤት ወንበር ሳይቀር አለ። የፀጉር ቤቱን እኔ ያዝኩ። ይሽከረከራል።

እዚህ ቤት አንድ ሥርዓት አላቸው። ማኅበሩን የጀመሩት የወጥ ቤት ሠራተኞች ስለሆኑ አንድ ትልቅ የእንጨት ማማሰያ አላቸው። የሚናገር ሰው እሱን ይይዛል። ያልያዘ ያዳምጣል። ማማሰያው ለጭምቷ ተሰጣት። ድምፅዋ ከአፏ አልፎ አይሄድም፤ አንጀቴ አልቻለም፣ ገባሁበት። ስድስተኛ ወሯን፣ ሐኪሙን፣ እርጥቡን፣ ባለ ቁልፉን ሁሉ አንድ በአንድ...

"እትዬ" አለችኝ አስተባባሪዋ፣ በፈገግታ፣ "ማማሰያው ማን ጋ ነው?"

አፍሬ ወንበሬን ወደ ግድግዳ አዞርኩት።

በኋላ ተራዬ ሲደርስ፣ "ታዲያ አለቃችንን መቼ ሄዳችሁ ታናግሩልናላችሁ?" አልኩ።

"እኛ አንሄድም" አለች። "ሕጉ ከናንተ ጋር ነው። ነፍሰ ጡር ከባድ አታንሳ፣ ቀለል ያለ ሥራ ይሰጣት ይላል። እሱን እናስረዳችኋለን። እናለማምዳችኋለን። ደግሞ እምቢ ካለ ከዚያ በላይ የሚኬድበትን መንገድ አብረን እንሄዳለን። በሩን የምታንኳኩት ግን እናንተ ናችሁ።"

"ለምን?"

"እኛ አናግረነው ብንሄድ በማግስቱ እሱ እዚያው ነው፣ እኛ የለንም። እናንተ ካናገራችሁት ግን በማግስቱም እዚያው ናችሁ።"

ስንመለስ ጋሼ አጉረመረሙ። "ጠበቃ ፍለጋ ሄደን ትምህርት ቤት ገባን።"

እውነታቸውን ነው። ግን... ትምህርት ቤት ደስ ይለኝ ነበር እኮ። አስራ ሁለተኛን ጨርሼ ቀረሁ እንጂ።


ጥቅምት 18፣ እሑድ

ዛሬ ሆዴን ይዤ ሳቅኩ።

ልምምድ ነው። አንድ ሰው አለቃ ይሆናል፣ ሌሎቹ ያናግሩታል። "ማን አለቃ ይሁን?" ሲባል ሁሉም ወደኔ ዞረ። የልጄን ቁልፍ፣ የራሴን ቁልፍ፣ የአስተባባሪዋን ቁልፍ ወገቤ ላይ ሰካሁ። ሁለት እርምጃ ስሄድ ቁልፎቹ ሲንኳኩ ጭምቷ ቀጥ ብላ ተነሳች።

"ምን ፈለጋችሁ?" አልኩ በሱ ድምፅ።

ጋሼ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ "ምንም፣ ጌታዬ፣ ይቅርታ" ብለው ከክፍሉ ወጡ። እውነቴን ነው። ደረጃው ላይ ደረስንባቸው። "ምን ሆነው ነው?" ብንላቸው "እሱን መሰለችኝ" አሉ።

ደግመን ደጋግመን ሠራነው። ጋሼ በታላቅነታቸው ይከፍታሉ፣ ጭምቷ የራሷን ትናገራለች፣ እህትዓለም ስለ ክብደቱ፣ እኔ ስለ ሕጉ። ጋሼ አንድ ጊዜ "ድር ቢያብር..." ብለው ሊጀምሩ ሲሉ ሁላችንም ቀድመን ጨረስንላቸው። ተቀየሙ።


ጥቅምት 20፣ ማክሰኞ

ነገ ነው። ስንቱን አንሶላ በግልባጩ ሳጥፍ ዋልኩ።


ጥቅምት 21፣ ረቡዕ

ጉድ ሠራን። ከት ብዬ ልሳቅ ወይስ ላልቅስ?

ምሳ ሰዓት ሊሆን ሲል ሄድን። የባለ ቁልፉ ቢሮ በር ገርበብ ብሏል። ሁሉም የሚናገረውን በልቡ ይዟል። በሩ ጋ ደረስን። ከዚያ...

"ጋሼ፣ ይቅደሙ" አልኩ።

"ኧረ በፍጹም። እናንተ እህቶቼ እያላችሁ?"

"ታላቅ እያለ እኛ? ነውር ነው።"

"ታላቅነቱ ይቅርብኝ፣ ግቢ።"

"በሞቴ፣ ጋሼ።"

"ሞትሽን ያርቀው። አንቺ ግቢ።"

"ጭምቷ፣ በቃ አንቺ ግቢ፣ ጉዳዩ ያንቺ ነው።"

"እትዬ እያለሽ እኔ? አላደርገውም።"

እኔ ጋሼን በክንዳቸው፣ ጋሼ እኔን በትከሻዬ፣ ጭምቷ ከኋላችን። እህትዓለም ግራ ገብቷት አንዴ እኔን አንዴ እሳቸውን ታያለች። "ለምን ትጣላላችሁ?" አለች።

"አልተጣላንም። እየተከባበርን ነው።"

"ስንት ሰዓት ይፈጃል?"

ይህን ስትል ቁልፎቹ ተንኳኩ። በሩ ተከፈተ፣ ባለ ቁልፉ ኮቱን ለብሶ ብቅ አለ። እኛስ ምን አደረግን? ግራና ቀኝ ተከፍለን፣ እንደተነጋገረ ሰው በአንድ አፍ፣ "ይለፉ" አልነው። ጋሼ በሩን ያዙለት። ባርኔጣቸውን አወለቁ።

አለፈ። ምሳውን ሊበላ ሄደ።

እኛ እዚያው ቆመን ቀረን። የሰርግ አጃቢ ነው የመሰልነው፤ ሙሽራው ጥሎን የሄደ።


ጥቅምት 22፣ ሐሙስ

ሳቁ ዛሬ የለም።

ትናንት ያንን ምሳ ላይ ጽፌ ወደ ሥራ ከተመለስኩ በኋላ ጭምቷ ማሽኑ ሥር ቁጭ አለች። ጎኗን ይዛ። እህትዓለም ጮኸች፤ በማሽኑ ጩኸት አልተሰማም፣ እጇን ስታወዛውዝ ነው ያየናት። ክሊኒክ ወሰድኳት። ልጁ ደህና ነው፣ እሷም ደህና ናት። ሐኪሟ ግን "ከእንግዲህ አንድም ነገር አታነሺም" አለች፣ ወደኔ እያየች፣ እናቷ መስዬአት።

ችግሩ ባለ ቁልፉ አየ። አወቀ። ዛሬ አስጠርቷት፣ "እስከ ሰኞ ዕረፊ። ሰኞ ግን ወይ ማሽኑ ወይ በሩ፣ ምረጪ" አላት።

እዚያ በር ላይ ባንግደረደር ኖሮ... ትናንት ብንገባ ኖሮ እኮ እርጥቡን አታነሳም ነበር። ለክብራችን ስንል ለሷ ሳንደርስላት ቀረን። ምን ዓይነት ጨዋነት ነው እንዲህ ያለው?


ጥቅምት 25፣ እሑድ

አስተባባሪዋ ስለ በሩ ስነግራት አልሳቅም ብላ ብዙ ታገለች። "ይለፉ" የሚለው ላይ ስደርስ አልቻለችም፣ ጠረጴዛው ላይ ተደፋች። ተነስታ ዓይኗን እየጠረገች፣ "እትዬ፣ መናገሩን አለማመድኳችሁ። መግባቱን ረሳሁት። ጥፋቱ የኔ ነው" አለች።

እና ዛሬ ሙሉ ቀን ምን ተለማመድን? በር መግባት። የኔ ዕድሜ ሴት። ደረጃው ላይ ወጥተን መቆም፣ ማንኳኳት፣ መግባት። መጀመሪያ ስንሞክር ባዶ ክፍል ለመግባት እንኳ ተጠባበቅን። ሁለተኛው ላይ ጋሼ "በሞቴ" አሉ፤ አስተባባሪዋ ከውስጥ "በሞቴ ክልክል ነው!" ብላ ጮኸች። ከዚያ እህትዓለም ሰለቻት፣ ሦስታችንንም በአንድ ላይ ገፍታ አስገባችን። ገባን፣ ግን ተደራርበን።

"ታዲያ መጀመሪያ ማን ይግባ?" አለች አስተባባሪዋ።

"በሥርዓቱ ታላቅ" አልኩ።

"በሥርዓቱ ሴት" አሉ ጋሼ።

"ጉዳዩ የማን ነው?"

ጭምቷ የእግሯን ጣቶች እያየች፣ "የኔ" አለች።

"እንግዲያው አንቺ ነሽ። ገብተሽ የምትናገሪውም አንቺ ነሽ።"

ጋሼ ደነገጡ። "ከሁሉ የምታንሰው? ዝምተኛዋ?"

"ካልቻልኩ እትዬ ትናገርልኛለች" አለች ጭምቷ።

አፌን ልከፍት ስል አስተባባሪዋ ቀደመችኝ። "እትዬ ሌላ ሥራ አላት። መጨረሻ ትገባና በሩን ትይዛለች። ማንም ወደ ኋላ እንዳይወጣ። ማማሰያውም እሷ ጋ አይደለም።"

ወይ ጣጣ። እኔን በር ያዢ፣ አፍሽን ያዢ። ሁለት ከባድ ነገር በአንድ ጊዜ። የኔንስ ክብደት ማን ያንሳልኝ?


ጥቅምት 26፣ ሰኞ

ልጄ "በኋላ ትነግሪኛለሽ፣ አሁን ጻፊው" ብላ ደብተሩን እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ።

ጠዋት፣ ሥራ ሳይጀመር። ጭምቷ አንኳኳች። "ግቡ" አለ። ገባች። ወደ ኋላ አላየችም። እህትዓለም ተከተለች። ጋሼ ደፉ ላይ ሲደርሱ እግራቸው ቆም አለ፣ "በ..." ሲሉ ሰማሁ፣ ዋጡትና ገቡ። መጨረሻ እኔ። በሩን ዘግቼ ጀርባዬን አስደገፍኩበት።

ቢሮው ጠባብ ነው። የፕላስቲክ አበባ፣ ለሱ ብቻ የምትዞር ትንሽ ቬንትሌተር፣ ተቀምጦ የቀዘቀዘ ሻይ።

"ወይ ማሽኑ ወይ በሩ ብዬሽ ነበር" አላት። "የትኛውን መረጥሽ?"

ጭምቷ ዝም አለች።

ዝም... ዝም... ቬንትሌተሯ ዞራ ዞራ መጣች። በዚያ ዝምታ ውስጥ እኔ በሆዴ የተናገርኩትን ብትሰማ፣ ደብተሬ። ሕጉን በሙሉ፣ የሱን አስተዳደግ፣ የእናቱን ምጥ... ምላሴን በጥርሴ ያዝኩት። ማማሰያው አንቺ ጋ አይደለም፣ አይደለም፣ አይደለም። ጋሼ ወደ ኋላ ሸርተት ሲሉ ጫማቸው ጫማዬን ረገጠ። "የት ነው?" አልኩ በሹክሹክታ። "የትም" አሉ።

"ማጠፊያውን" አለች ጭምቷ።

"ምን?"

"ማሽን ወይ በር ምረጪ አሉኝ። እኔ ማጠፊያውን መርጫለሁ።" ድምፅዋ ቀጭን ነው፣ ግን ቀጥ ያለ ነው። "ነፍሰ ጡር ከባድ አታነሳም፣ ሕግ ነው። ሥራዬን አልለቅም። ወልጄም ተመልሼ እመጣለሁ።"

ባለ ቁልፉ ወደ ጋሼ ዞረ። ጋሼ ካውያ ባርኔጣቸው ራሳቸው ላይ ነው። ዛሬ አላወለቁትም። "ሕጉን ማኅበራችን አስረድቶናል" አሉ። "ልጅቷም ብቻዋን አይደለችም።"

ማኅበራችን። ደረጃ ላይ ይቀሩ የነበሩት ሰውዬ።

እህትዓለም ተከተለች። "እርጥቡን ሁለት ሰው ያንሳ። ነፍሰ ጡር ብትሆንም ባትሆንም። ሁልጊዜ።" ቀጥላም በትሕትና፣ "እሺ፣ እህትዓለም?" አለችው።

"ምን አለችኝ?" አለ። ማንም አልተረጎመለትም።

ከዚያ ያልተለማመድነውን አመጣ። "ማጠፊያው ላይ ቦታ የለም፣ ሙሉ ነው። እሷን እዚያ ባስቀምጥ እርጥቡ ላይ ማን ይቆምልኛል?"

ጋሼ እህትዓለምን አዩ፣ እህትዓለም ጭምቷን፣ ጭምቷ መሬቱን። ያ የደጃፉ መጠባበቅ ተመልሶ ሲመጣ ታወቀኝ። አንቺ ቅደሚ፣ አንተ ቅደም... ማጠፊያው ላይ ያለው የማን ቦታ ነው? የኔ ነው። ያ የምወደው ጠረጴዛ። ሰው የሚሰማኝ ቦታ።

"እኔ" አልኩ።

ዛሬ እዚያ ቢሮ ከዚህ ሌላ የረባ ነገር አልተናገርኩም። አንዲት ቃል።

"አንቺ?" አለ ባለ ቁልፉ። "እዚያ እኮ ማሽኑ ይጮኻል። ማንም አይሰማሽም።"

"አውቃለሁ።"

"ራዲዮው ሊጠፋ ነው በይኛ።" ሳቀ መሰለኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርሱን አየሁ። ግን ወዲያው ኮስተር አለና "አስብበታለሁ፣ ሂዱ" አለ።

"እሺ፣ እንጠብቃለን" አለች ጭምቷ። ንቅንቅ አላለችም። እኔ በሩ ላይ ነኝ። ሰውየው ቢፈልግም መውጫ የለውም። ቁልፎቹን ነካካ፣ ሻዩን አነሳ፣ ቀዝቅዟል፣ መልሶ አስቀመጠው።

"ማጠፊያው ይሁን" አለ። "እርጥቡንም ለሁለት አንሱ። አሁን ወደ ሥራ።"

"ከዛሬ ጀምሮ?" አለች ጭምቷ።

"ከዛሬ ጀምሮ።"

በሩን ከፈትኩ። እና... "ጋሼ፣ ይውጡ።" "ኧረ አንቺ ቅደሚ።" "ጭምቷ ትውጣ፣ ቆማ ደከማት።" "እናንተ እያላችሁ?"

መግባቱን እንጂ መውጣቱን አልተለማመድነውም።

"ውጡልኝ!" ሲል ነው በአንድ ላይ የወጣነው።


ኅዳር 4፣ ማክሰኞ

ክንዴ እንጨት ሆኗል። እርጥቡ ማሽን እንደ አውሮፕላን ይጮኻል። እህትዓለም አንዱን ጫፍ እኔ አንዱን፣ "አንድ፣ ሁለት፣ ሆ" ብለን እናነሳለን። እሷ በጣቷ፣ እኔ በቅንድቤ እናወራለን። ሐሜት በቅንድብ እንደሚቻል አላውቅም ነበር። ይቻላል።

ማታ ቤት ገብቼ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ልጄ መጽሐፏን ዘግታ መጣች። "እማዬ፣ አሞሻል?"

"ደህና ነኝ።"

"ታዲያ ለምን አታወሪም?"

"አንቺስ እንዴት ዋልሽ?" አልኳት።

ለብዙ ሰዓት አወራችልኝ። ፈተናውን ለካ ፈርታው ነበር። ስንት ጊዜ ልትነግረኝ ፈልጋ ይሆን ተራ ያጣችው? አልጠየቅኳትም። አዳመጥኩ።


ኅዳር 23፣ እሑድ

አስተባባሪዋ ከስብሰባ በኋላ አስቀረችኝ። ሌሎች ላውንደሪዎች፣ የቢሮ ጽዳት ሠራተኞች፣ ወጥ ቤቶች እየመጡ ነው፤ እሷ ብቻዋን አልቻለችም። የእሑዱን ስብሰባ አንቺ ምሪ አለችኝ።

"እኔ? እኔ እኮ የሰው ማማሰያ የነጠቅኩ ሰው ነኝ።"

"ለዚያ ነው" አለች። "ከመጀመሪያው ዝምተኛ የሆነ ሰው ዝም ቢል ማንም ልብ አይለውም። አንቺ ዝም ስትዪ ግን ሰው ሁሉ 'አሁን የኔ ተራ ነው' ይላል።"

ይኼ ምስጋና ነው ስድብ? ስሄድ ሳስበው፣ ስመለስ ሳስበው... ምስጋና ነው ብያለሁ።


ታኅሣሥ 16፣ ማክሰኞ

ጋሼ ካውያ ምሳ ላይ አማረሩ። ጭምቷ ማጠፊያው ላይ ተቀምጣ፣ ወንበር አግኝታ፣ ሆዷን ጠረጴዛው ላይ አስደግፋ፣ ከጠዋት እስከ ማታ ታወራለች አሉ። ስለ ባሏ፣ ስለ እናቷ፣ ስለ ልጁ ስም።

"ራዲዮ ተዘጋ ብዬ ደስ ሲለኝ" አሉ፣ "ለካ ጣቢያው ነው የተቀየረው።"


ጥር 10፣ ዓርብ

ወለደች። ሴት። ሁለቱም ደህና ናቸው። ባሏ ከመንገድ ሥራው አቧራውን እንኳ ሳያራግፍ ደረሰ። እህትዓለም ሕፃኗን አቅፋ በጆሮዋ ምን እንዳለቻት ሁላችንም እናውቃለን።


ጥር 19፣ እሑድ

ጭምቷ ልጇን ይዛ ማኅበሩ መጣች። ገና አራስ ናት፣ ተይ ቤት ሁኚ ብንላት አልሰማ አለች። "ዛሬ አዲስ ሰዎች ይመጣሉ አልሽ አይደል፣ እትዬ? እኔ ልንገራቸው።" የፀጉር ቤቱን ወንበር ሰጠኋት። ማማሰያውንም። ሕፃኗን እኔ ተቀበልኳት፤ እንደ ትኩስ አንሶላ ትሞቃለች። ባለ ቁልፉ እንኳ "ወለደች?" ብሎ ጠይቆ ነበር፣ ሰው ሳያየው። ከወሊድ ፈቃዷ ስትመለስ ማጠፊያው ይጠብቃታል።

ልንጀምር ስንል ከደረጃው ድምፅ መጣ።

"ኧረ አንቺ ቅደሚ።"

"አንቺ ታላቅ እያለሽ?"

"በሞቴ..."

የቢሮ ጽዳት ሠራተኞቹ ናቸው። አዲሶቹ። ከመካከላቸው አንዷን ከመሰላል ወድቃ ሊያሰናብቷት ነው ተብሏል። ውስጥ ያለነው ተያየን። ጋሼ ካውያ ባርኔጣቸውን አስተካክለው፣ "ሄጄ ግቡ ልበላቸው?" አሉ።

"ይቀመጡ፣ ጋሼ።"

ሕፃኗን በግራ እጄ ይዤ በሩን ከፈትኩት። ደረጃው ሙሉ ሴት ነው፣ እርስ በርስ ተያይዘው። ዓይናቸው እኔ ላይ አረፈ። እኔ ምን ልላቸው እችል ነበር... ምን ያልነበረኝ ነገር አለ? ስለ ባለ ቁልፉ፣ ስለ ይለፉ፣ ስለ ቬንትሌተሯ። በአንድ ሰዓት የማያልቅ ወሬ ጉሮሮዬ ላይ መጣ።

ዋጥኩት። በሩን ይዤ ቆምኩ።

አንዷ፣ እግሯ በፋሻ የታሰረ ወጣት፣ ከመሃል እያነከሰች ወጣች። ታላላቆቿን ዞር ብላ አየች። ከዚያ ማንንም ሳትጠይቅ በጎኔ አልፋ ገባች።